የአሸዋ ድንጋይ ንጣፍ፦ ተፈጥሮ የት ያበቃል? ጉድለት የት ይጀምራል?

በብሪታንያ ግቢያቸውን ድንጋይ የሚያስነጥፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። ደንበኛው መሸጫው ገብቶ መዳፍ የምታህል ናሙና ያያል፤ ወጥ ግራጫ ቀለሟን ይወዳል፤ ያዝዛል። ጭነቱ ደጁ ላይ ሲራገፍ ግን ከግራጫው መሐል ቡናማ ጥላ ያጠላበት፣ የዝገት ቀለም ያለው መስመር ያቋረጠው፣ ገጹ ውሃ ሲመላለስበት እንደኖረ ሁሉ የተሸበሸበ ድንጋይ ያገኛል። ሻጩ ስልክ ሲደወልለት መልሱ አጭር ነው፦ «የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፤ ጠባዩ ነው።»

መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዱ ምልክት ከድንጋዩ ጋር አብሮ የተፈጠረና ሊወደድለት የሚገባ ነው፤ አንዳንዱ የአንጣፊውን ብልሃት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ተፈጥሮ» በሚል ስም የተሸፈነ እውነተኛ ጉድለት ነው። ሦስቱን ሳይለዩ መግዛትም መሸጥም ጠብ ያመጣል።

ዛሬ በብሪታንያ ግቢዎች በብዛት የሚነጠፈው የአሸዋ ድንጋይ የሚመጣው ከህንድ፣ በተለይም ከራጃስታን ግዛት ነው። በኮታና በቡንዲ አካባቢ፣ እንዲሁም በካራውሊና በዶልፑር ካሉ የድንጋይ ካባዎች ይወጣና በምዕራብ ህንድ ወደቦች በኩል ይጫናል። ገበያው «ራጅ ግሪን»፣ «ኦተም ብራውን»፣ «ሞዳክ»፣ «ፎሲል ሚንት» እያለ ይጠራዋል፤ የጉጃራቱን ወደብ ስም የያዘው «ካንድላ ግሬይ» ደግሞ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ህንዶች ራሳቸው በዚህ ድንጋይ ሲገነቡ ዘመናት አልፈዋል። ንጉሠ ነገሥት አክባር ከ1571 ጀምሮ ያሳነጻት የፋተህፑር ሲክሪ ከተማና ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን ከ1639 እስከ 1648 ያሠራው የዴልሂው ቀይ ምሽግ የቆሙት በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በራጃስታን መንደሮች ረጃጅም የድንጋይ ሳንቃዎች ዛሬም የቤት ጣሪያ ሆነው ይታያሉ።

የዚህ ድንጋይ ትልቁ ክፍል የሚገኘው የሥነ ምድር ባለሙያዎች ቪንድያን በሚሉት ሰፊ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ለንጣፍ የሚወጡት ድርቦች ዕድሜ አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆን ብዙዎቹ ይገምታሉ። ያኔ አካባቢው ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ውሃው እየመጣ እየሄደ አሸዋ ይከምራል፣ ስስ ጭቃ ያለብሳል፣ እንደገና አሸዋ ይጭናል። በየድርቡ መሐል ሚካ የሚባለው ስስና አብረቅራቂ ማዕድን ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ክምሩ በክብደት ተጨምቆ፣ በውስጡ ያለፈው ውሃ ያመጣው ሲሊካና ብረት ቅንጣቶቹን አጣብቆ ድንጋይ ሲያደርጋቸው ድርቦቹ አልጠፉም። ሞሰብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ አንድ በአንድ ሊነሱ የሚችሉ ሆነው ቀሩ።

ጠራቢው የሚጠቀመው በዚሁ ነው። መሮውን ሚካ በበዛበት መስመር ላይ አሳርፎ፣ በመዶሻ ቀለል አድርጎ እየመታ ጠርዙን ይከተላል። ድንጋዩ በመጨረሻ ለሁለት ሲከፈት ሁለቱም ፊቶች ከተቀበሩ ወዲህ ፀሐይ አይተው አያውቁም። የሚታየው ገጽ መጋዝ ያልነካው የጥንት ባሕር ወለል ነው፤ ስለዚህ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ ጥግ ላይ ስስ ልጣጭ ይቀርበታል፣ መሐሉ ላይ ሌላ ድርብ ብቅ ይላል። ይህን ገጽ የሚፈልግ ሰው ውጣ ውረዱንም አብሮ ይገዛል። ልሙጥ ነገር የሚሻ ደግሞ በመጋዝ የተቆረጠና የተፈገፈገ ዓይነት አለለት። ውፍረትም እንዲሁ ነው፤ ከካባ እንደወጣ የተተወ ሰሌዳ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ለግቢ የሚሸጠው አብዛኛው ጀርባው በማሽን ተስተካክሎ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይቀርባል። ማሽኑ የሚነካው ጀርባውን ብቻ ስለሆነ ፊቱ ያው የባሕሩ ወለል ነው።

ከሁሉም ምልክቶች የሚያስደንቀው ሽብሽቡ ነው። አንዳንድ ሰሌዳ ላይ እኩል የተራራቁ ትናንሽ ሸንተረሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይገኛሉ። የሞገድ ዱካ ናቸው። ጎንበስ ብሎ የሸንተረሩን ሁለት ጎኖች በጣት መዳሰስ ብዙ ይናገራል፦ ሁለቱም ጎኖች እኩል ከሆኑ ውሃው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ የነበረ ነው፤ አንዱ ጎን ረጋ ያለ፣ ሌላው ቀጥ ያለ ከሆነ ውሃው በአንድ አቅጣጫ ሲፈስ ነበር፤ ቀጥ ያለው ጎን ውሃው ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ያያል። በአንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረን የባሕር ውሃ አቅጣጫ በጣት ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ብሎ መመለስ የሚያሳዝን ነው። ሆኖም ሽብሽቡ ጥልቅ ከሆነ ዝናብ ይቋጥራል፤ ጠረጴዛና ወንበር ያነቃንቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ለመመገቢያው ቦታ ሳይሆን ለዳር ማድረግ የአንጣፊው ብልሃት ነው።

ቀለሙን የሚሠራው በዋናነት ብረት ነው። የአሸዋው ቅንጣት ኳርትዝ ሲሆን ራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅንጣቱን የሸፈነው ስስ የብረት ልባስ ነው ድንጋዩን የሚያቀላው። ብረቱ ሄማታይት ከሆነ ቀይ፣ ጎታይት ከሆነ ቢጫና ቡናማ ይሆናል። ኦክሲጅን ባነሰበት ቦታ ደግሞ ግራጫና አረንጓዴ ቀለም ይበዛል። አንድ ካባ ውስጥ የላይኛው ድርብ ቡናማ፣ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች ያለው ወይን ጠጅ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ራጅ ግሪን» የሚባለው ድንጋይ ከአረንጓዴው ሌላ ቡናማና ወይን ጠጅ የሚቀላቀልበትም ለዚሁ ነው፤ ስሙን ሰምቶ ወጥ አረንጓዴ የሚጠብቅ ገዢ መደንገጡ አይቀርም።

እርስ በርስ ተከታትለው የሚጠማዘዙት የብረት ቀለበቶች ሌላ ታሪክ አላቸው። በ1896 ጀርመናዊው ኬሚስት ራፋኤል ሊዝጋንግ ጄላቲን ላይ የብር ናይትሬት ሲያንጠባጥብ ዝቃጩ በአንድ ቦታ ከመከማቸት ይልቅ እየተራራቀ በቀለበት ቀለበት ሲረጋ አየ። በድንጋይ ውስጥም ብረት ያዘለ ውሃ በቅንጣቶቹ መሐል እየሰረገ ሲሄድ ተመሳሳይ ነገር እንደሚሆን ይታመናል፤ ቀለበቶቹም በእሱ ስም ይጠራሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ የፔትራን ውቅር መቃብሮች ያየ ሰው ግድግዳና ጣሪያው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ነጭ መስመር ሲጠማዘዝ የሚያየው የብረትና የውሃ ሥራ ነው። ቱሪስቱ ለማየት ዓለምን አቋርጦ የሚሄድበት ያው መስመር ግቢ ውስጥ ሲገኝ «እድፍ» ይባላል።

ወደ «ፎሲል ሚንት» እንምጣ። ነጣ ባለ ገጹ ላይ ጥቁር፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ ቅጠል የሚመስል ሥዕል ይታያል። ብዙ ገዢ የጥንት ተክል ቅሪት ነው ብሎ ይደሰትበታል። ሊሆን አይችልም። ተክል የብስ ላይ መብቀል የጀመረው ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ድንጋዩ ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ሥዕሉን የሠራው ማንጋኒዝ ያዘለ ውሃ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ማዕድኑ ቅርንጫፍ እያወጣ ይረጋል። ለዓይን ያው ውብ ነው፤ ሻጭ ግን ቅሪተ አካል ነው ብሎ ዋጋ ሊጨምርበት አይገባም።

በዚህ ዓይነት ገጽ የሚታለለው ገዢው ብቻ አይደለም። በህንድ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ በጥንት የዋሻ ሥዕሎቹ በሚታወቀው በቢምቤትካ፣ በቪንድያን ድንጋይ ግድግዳ ላይ አንድ ቅጠል መሰል ምልክት ተገኘ። ተመራማሪው ግሪጎሪ ሬታላክና ባልደረቦቹ በ2021 ባወጡት ጽሑፍ ዲኪንሶኒያ የተባለው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ፍጡር ቅሪት ነው አሉ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ እውነት ቢሆን የድንጋዩን ዕድሜ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ያሳጥር ነበር። ከዚያ ሌላው ተመራማሪ ጆሴፍ ሜርትና ባልደረቦቹ ቦታው ድረስ ሄደው ሲያዩት ምልክቱ ከግድግዳው እየተላጠ ነበር፤ የረገፈ የንብ ቀፎ ትራፊ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን በ2023 አሳተሙ፤ ሬታላክም መሳሳቱን ተቀበለ። ድንጋይ ላይ ያለው ነገር የድንጋዩ ነው ወይስ ኋላ የተለጠፈ? አንጣፊውም ሆነ ተመራማሪው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

ከህንዱ ድንጋይ በፊት የብሪታንያ መንገዶች የሚነጠፉት በራሷ ድንጋይ ነበር። በምዕራብ ዮርክሺር፣ በሀሊፋክስና በኤላንድ ዙሪያ የሚወጣው «ዮርክስቶን» ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቦይ ጀልባና በባቡር ለንደን ድረስ እየተጫነ የእግረኛ መንገዶቿን ሸፍኗል። የዮርክሺሩም ድንጋይ ቡናማ ቀለበትና ሽብሽብ አለው። ልዩነቱ በእግር ብዛት ተልጎ፣ ቀለሙ ሰክኖ መታየቱ ነው። ያረጀው ንጣፍ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ሌቦች ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከመንገድ ዳር እየፈነቀሉ ይወስዱታል። አዲስ ሲሆን የሚያስከስሰው የቀለም ልዩነት ሲያረጅ የሚያሰርቅ ሀብት ይሆናል ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢም ይህ ድንጋይ ሩቅ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲኬድ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ የሚታየው ቀይና ቡናማ ገደል የአሸዋ ድንጋይ ነው። የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት «የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ» የሚሉትን ስም ያወጣው ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን የህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር፤ በ1868 ከብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ መጥቶ ያየውን በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። የህንድን ድርቦች ሲያጠና የሠለጠነ ዓይን ነው የትግራይን ገደል ያነበበው። አዲስ አበባ ውስጥም ከአምቦ አካባቢ የሚመጣው የአሸዋ ድንጋይ ለግድግዳ ሲውል ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ቀለሙ ይለዋወጣል። ለኮብልስቶን መንገድ የሚጠረበው ጥቁር ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነውና እንዲህ ያለ ድርብ የለውም።

እንግዲህ እውነተኛው ጉድለት የቱ ነው? አንደኛውና ዋናው መላላጥ ነው። በድርቡ መሐል የሸክላ አፈር ወይም ሚካ ከበዛ ውሃ ይገባል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ድርቡን እየገፋ ያስነሳዋል። ሰሌዳው ሲደርስ ላዩ ላይ የቀረ ስስ ልጣጭ በእጅ ከተነሳና ከሥሩ ጠንካራ ገጽ ከተገኘ ምንም አይደለም። በመዶሻ እጀታ ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ግን ውስጡ ተለያይቷል፤ ይመለስ። ድርብን መናቅ ምን እንደሚያመጣ ኒው ዮርክ አይታለች፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋን ቤቶች ፊት ያለበሰው የኮኔቲከት ቡናማ ድንጋይ በብዙ ቤቶች ላይ ድርቡ ከግድግዳው ጋር ቆሞ ስለተሠራ እየተገሸለጠ ወድቋል። ንጣፍ ላይ ድንጋዩ እንደተፈጠረው ተጋድሞ ስለሚተኛ ዕድለኛ ነው፤ ደካማ ድርብ ግን እዚያም አይምርም።

ሁለተኛው ፓይራይት ነው። ይህ ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን አየርና ዝናብ ሲያገኘው እየዛገ የሚወርድ እድፍ ያወጣል፤ ድሮ ከረጋው የብረት ቀለበት የሚለየው እያደገና እየፈሰሰ በመሄዱ ነው። የጠርዝ መሰበር፣ ከተባለው መጠን በላይ የሆነ የውፍረት ልዩነትና ጥግ ለጥግ የተወላገደ ገጽም «ተፈጥሮ» ተብለው መታለፍ የለባቸውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙው ቅሬታ የአንጣፊው ዕዳ ሆኖ ሳለ በድንጋዩ ላይ የሚላከክ ነው። የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቁን ሙሉ በሙሉ ከማልበስ ይልቅ አምስት ቦታ ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ ድንጋዩን የሚጭን ሠራተኛ አለ። ወራት ሳያልፉ እርጥበቱ አምስቱን ጉብታዎች ፊት ላይ ያትማቸዋል፤ ባዶው ቦታም ሲረገጥ ይሰነጠቃል። ሌላው ጠርዝ ጠርዙን ከቦ የሚታየው ጥቁር ክፈፍ ነው፤ ከመጋጠሚያው ድብልቅ እርጥበትና ጨው ወደ ድንጋዩ ሲሰርግ ይመጣል። ከሁሉ የከፋው አሲድ ነው። የሲሚንቶ ጠብታ ለማስለቀቅ ተብሎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲፈስስ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ብረት ያሟሟና ግራጫውን ግቢ ብርቱካንማ አድርጎ ይተወዋል። ያንን መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ላይከን የሚባለው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በቀስታ ያድጋል፣ ሥር ሰዶ ይይዛል፤ ማዕድን መስሎት ሻጩን የሚከስስ ሰው ብዙ ነው።

ሕግና ደረጃ ምን ይላሉ? የአውሮፓ የንጣፍ ድንጋይ ደረጃ፣ ኢኤን 1341፣ ወጥነትን አይጠይቅም። ሻጩ የድንጋዩን አጠቃላይ መልክ፣ ማለትም ቀለሙን፣ መስመሩንና ነጠብጣቡን የሚያሳይ ናሙና እንዲያቀርብ ይጠይቃል። መጠን፣ ጥንካሬና ውርጭን የመቋቋም ችሎታ ግን በቁጥር ይለካሉ። እግር እንዳያንሸራትት የሚለካው ጎማ በተገጠመለት ፔንዱለም ነው፤ በብሪታንያ አሠራር በእርጥብ ገጽ ላይ 36ና ከዚያ በላይ ያስመዘገበ የማንሸራተት አደጋው ዝቅተኛ ነው ይባላል። ሸካራው የተፈጥሮ ገጽ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2015 የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ ደግሞ ናሙና አይቶ የገዛ ሰው የሚደርሰው ዕቃ ከናሙናው ጋር እንዲገጥም፣ ልዩነት ካለም ከመግዛቱ በፊት እንዲነገረው ይላል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለመመለስም 30 ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ መዳፍ የምታህል አንዲት ናሙና አሳይቶ፣ የቀለሙን ስፋት ሳይናገር ሸጦ፣ ኋላ «ተፈጥሮ ነው» ማለት አያዋጣም። በእኔ ፍርድ የጠቡ ትልቁ ምንጭ ይህች ትንሽ ናሙና ናት።

ልዩነቱን የሸሹ ሰዎች ወደ ፖርስሊን ንጣፍ ይሄዳሉ። የአሸዋ ድንጋይ ፎቶግራፍ በማተሚያ ቀለም ታትሞበት ይተኮሳል፤ ጠንካራ ነው፣ ውሃም አይጠጣም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ፋብሪካው የሚያትማቸው ሥዕሎች ቁጥር ውስን ነው። ሰፋ ባለ ግቢ ውስጥ ያው ቡናማ መስመር በዚያው ቦታ ደጋግሞ ይመጣል፤ ዓይን አንድ ጊዜ ከያዘው አይለቀውም። እውነተኛውን ድንጋይ የሚያስመርጠው ድግግሞሽ የሌለው መሆኑ ነው።

ስለ ገጹ ስናወራ ገጹን የሚያወጡትን ሰዎች መርሳት አይገባም። የአሸዋ ድንጋይ አብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ ሲጠረብና ሲቆረጥ የሚነሳው ስስ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። በራጃስታን ካባዎች ብዙ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ የግዛቱ መንግሥትም በ2019 ለተጎጂዎች ድጋፍ የሚሰጥ ፖሊሲ አውጥቷል። በካባዎቹ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ መኖሩም ሲነገር ቆይቷል። የድንጋዩ ቡናማ መስመር አልወደድኩትም ብሎ ጭነት የሚመልስ ገዢ ድንጋዩን የጠረበው ሰው አፉን የሚሸፍንበት ነገርና አቧራውን የሚያረጥብበት ውሃ እንደነበረው ሻጩን ቢጠይቅ ከቀለሙ የሚበልጥ ነገር ጠየቀ። ግቢ ውስጥ ሰሌዳ የሚቆርጥ ሠራተኛም ያለ ውሃ መቁረጥ የለበትም።

የአሸዋ ድንጋይ ሊገዛ ያሰበ ሰው እንግዲህ ናሙናውን ትቶ የተነጠፈ ግቢ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ደርቆም ረጥቦም ይየው፤ እርጥብ ሲሆን ቀለሙ ይደምቃልና ዝናብ የሚበዛበት አገር ውስጥ የሚኖረው ከዚያ መልክ ጋር ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘዝ፤ ከወራት በኋላ የሚመጣው ጭነት ከካባው ሌላ ድርብ ሊሆን ይችላል። ሲደርስም ሳጥኖቹ ሁሉ ይከፈቱ፤ አንጣፊው ከሁለት ሦስት ሳጥን እያቀላቀለ መጀመሪያ ያለ ሲሚንቶ ይደርድረው፤ ባለ ሽብሽቡ፣ ባለ መስመሩ፣ ወፍራሙና ስሱ ቦታ ቦታቸውን ይያዙ። ደካማ ድምፅ የሰጠውና ጠርዙ የተሰበረው ፎቶ ተነስቶ ለብቻው ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ይሁን፤ አብዛኞቹ ሻጮች በውላቸው ላይ ከተነጠፈ በኋላ የሚቀርብ የቀለምም ሆነ የገጽ ቅሬታ እንደማይቀበሉ ጽፈዋል።